ሄፕቱኦ የፕላስቲክ ቱቦ ለራዲያተር መስመር፦ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ልኩን ካወቁለት

እንግሊዝ አገር የቆየ ቤት ገዝቶ ለማደስ የተነሣ ሰው የወለሉን ሳንቃ ሲያነሣ መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው፤ የራዲያተሩ መስመር በመዳብ ይዘርጋ ወይስ በፕላስቲክ? ከፕላስቲኮቹ መካከል በየዕቃ መሸጫው መደርደሪያ ላይ በብዛት ከሚገኙት አንዱ ዋቪን የሚያመርተው ሄፕቱኦ ነው። ፖሊቡቲሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ፣ በጥቅል የሚሸጥ፣ ያለ እሳትና ያለ ብየዳ በመግፋት ብቻ የሚገጠም ቱቦ ነው። እዚህ የምንመዝነው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ሙቅ ውኃን ከቦይለር ወደ ራዲያተር አድርሶ ለሚመልሰው መስመር።

አንድ ቃል እናጥራ። አዲስ አበባ «ቦይለር» ስንል መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የኤሌክትሪክ ውኃ ማሞቂያ ማለታችን ነው። እዚህ ቦይለር የምንለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በጋዝ የሚሠራውን፣ የቤቱን ራዲያተሮች በሙሉ የሚያሞቀውን ማሽን ነው። እሱን የመግጠምና የጋዝ መስመሩን የመንካት ሥራ በጋዝ ሴፍ (በብሪታንያ የጋዝ ሠራተኞች መዝገብ) የተመዘገበ ባለሙያ ብቻ የሚሠራው ነው። የራዲያተሩን የውኃ መስመር ግን ጠንቃቃ የቤት ባለቤት ራሱ ሊያቅደውም ሊዘረጋውም ይችላል።

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጥ። ከወለል ሥር ለሚያልፍ መስመር ሄፕቱኦን ከመዳብ እናስቀድማለን። ይህን የምንለው ግን 15 ሚሊ ሜትሩን የፕላስቲክ ቱቦ ከ 15 ሚሊ ሜትሩ መዳብ ጋር እኩል ላላደረገ ገዢ ነው። «15» የሚለው ቁጥር የውጭ ልክ ነው፤ ውኃው የሚሄደው ደግሞ በውስጥ ነው። የ 15 ሚሊ ሜትር መዳብ ግድግዳ ውፍረቱ 0.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለውኃው 13.6 ሚሊ ሜትር ይተርፈዋል። ፕላስቲኩ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከውፍረቱ ነውና የውስጥ ስፋቱ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በ 22 ላይም እንዲሁ ነው፤ መዳቡ 20.2 ሲሆን ፕላስቲኩ 18 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።

ሁለት ሚሊ ሜትር ምን ያህል ነው የሚል ይኖራል። ቱቦ ውስጥ ለሚሄድ ውኃ የውስጥ ስፋቱ ሲጠብ ፓምፑ የሚገጥመው ተቃውሞ በትንሹ አይጨምርም፤ ወደ አምስተኛ ርቢ በተጠጋ ፍጥነት ይተኮሳል። ያንኑ መጠን ያለው ውኃ በ 15 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ ሲገፋ ተቃውሞው በመዳቡ ካለው ከእጥፍ በላይ ይሆናል። «ፕላስቲክ ገጠምን፣ የመጨረሻው መኝታ ክፍል አልሞቅ አለ» የሚለው አቤቱታ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ቱቦው አልተበላሸም፤ የመዳብ ዕቅድ በፕላስቲክ ተሠርቶ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ከመሄድ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። ስሌቱ ከባድ አይደለም። የእያንዳንዱን ክፍል የሙቀት ፍላጎት በኪሎ ዋት ይወስዱና በ 4.18 እና መሄጃው (ወደ ራዲያተር የሚሄደው ውኃ) ከመመለሻው በሚበልጥበት የዲግሪ ልዩነት ብዜት ያካፍሉታል። የሚያገኙት በሰከንድ የሚያስፈልገው ሊትር ነው። ውኃው ቱቦ ውስጥ በሰከንድ ከአንድ ሜትር በላይ ከፈጠነ መጮህ ይጀምራል፤ ፓምፑም ይደክማል። አንድ ሜትር ጣሪያው ነው፤ በደህና ቀን የሚታቀደው ከዚያ ወረድ ብሎ ነው።

በዚህ ጣሪያ ላይ 15 ሚሊ ሜትር ሄፕቱኦ የ 20 ዲግሪ ልዩነት ባለው የጋዝ ቦይለር 8.7 ኪሎ ዋት ገደማ ይሸከማል። የ 15 መዳብ በዚያው ሁኔታ 12 ኪሎ ዋት ያደርሳል። ልዩነቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ቁጥሩ በግማሽ ይቀንሳል። በሂት ፓምፕ (ከውጭ ሙቀት እየሳበ ውኃ በሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ማሽን) እንደሚለመደው 5 ዲግሪ ብቻ ሲሆን ደግሞ ፕላስቲኩ 2.2፣ መዳቡ 3 ኪሎ ዋት ላይ ያቆማሉ። ዛሬ ያለምንም ችግር ሦስት ራዲያተር የሚመግበው ቱቦ፣ ነገ ቦይለሩ ወጥቶ ሂት ፓምፕ ሲገባ አንዱን ትልቅ ራዲያተር በጭንቅ የሚመግብ ይሆናል ማለት ነው። ወለል በየ 10 ዓመቱ አይነሣም። ዕቅዱ ዛሬ ግድግዳ ላይ ካለው ማሽን ዕድሜ በላይ ማየት ያለበት ለዚህ ነው።

ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ ከሰኔ 15 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የሕንፃ ደንብ መመሪያ፣ የማሞቂያው ሥርዓት ቱቦውም ራዲያተሩም ጨምሮ ሙሉ በሙሉ ሲተካ፣ የመሄጃው ውኃ ከ 55 ዲግሪ ሳይበልጥ ቤቱን እንዲያሞቅ ሆኖ መታቀድ አለበት ይላል። ካታሎግ ላይ የሚጻፈው የራዲያተር ጉልበት ግን የተለካው መሄጃው 75፣ መመለሻው 65፣ ክፍሉ 20 ዲግሪ ሆኖ ነው። 55 ገብቶ 45 ሲወጣ ራዲያተሩ የሚሰጠው ከተጻፈው 51 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 1 ኪሎ ዋት የሚፈልግ ክፍል ካታሎጉ ላይ 2 ኪሎ ዋት ገደማ የሚል ራዲያተር ይፈልጋል። ሻጩ «ይበቃል» ሲልዎ በስንት ዲግሪ እንደሚበቃ ይጠይቁት።

አሁን ይህን በአንድ ቤት ላይ እናሳይ። ሎንዶን ውስጥ እንደልብ የሚገኘውን፣ ሁለት ፎቅና ሦስት መኝታ ያለውን፣ ከጎረቤት ግድግዳ የሚጋራውን ቤት ያስቡ። ሳሎን 1.8፣ ወጥ ቤት 1.2፣ መግቢያ ኮሪደር 0.8፤ ከላይ መኝታ ቤቶቹ 1.2፣ 1.0 እና 0.6፣ መታጠቢያ ቤት 0.6 ኪሎ ዋት ይፈልጋሉ እንበል። ታችኛው ፎቅ 3.8፣ ላይኛው 3.4፣ በድምሩ 7.2 ነው። በጋዝ ቦይለር 20 ዲግሪ ልዩነት የሚያስፈልገው ውኃ በደቂቃ 5.2 ሊትር ብቻ ነው፤ 22 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ ሳያላበው ይወስደዋል። በሂት ፓምፕ 5 ዲግሪ ግን በደቂቃ ወደ 21 ሊትር ይጠጋል። ይህ ውኃ በአንድ የ 22 ፕላስቲክ ልለፍ ቢል በሰከንድ 1.4 ሜትር ይሮጣል፤ አይሆንም። በ 28 ሚሊ ሜትር መዳብ ግን 0.64 ሜትር ነው።

ከዚህ የሚወጣው ዕቅድ እንዲህ ነው። ከማሽኑ እስከ መከፋፈያው ያለው አጭር መስመር በ 28 መዳብ ይሠራል። ከመከፋፈያው አንድ ጥንድ 22 ሄፕቱኦ ለታችኛው ፎቅ፣ አንድ ጥንድ ለላይኛው ይሄዳል፤ ፍጥነቱ በሂት ፓምፕ እንኳ 0.75 ሜትር አያልፍም። ከ 22 ግንድ ላይ ለእያንዳንዱ ራዲያተር አንድ ጥንድ 15 ይቀጠላል። ሳሎኑ 1.8 ኪሎ ዋት በአንድ ራዲያተር ከሚወስድ ለሁለት ቢከፈል ይሻላል። በአንድ ሲሆን የ 15ቱ ቱቦ ውኃ በሂት ፓምፕ 0.83 ሜትር ይፈጥናል፤ ለሁለት ሲከፈል ወደ 0.4 ይወርዳል፣ ሙቀቱም ክፍሉ ውስጥ ይዳረሳል። 15ቱ ለአንድ ራዲያተር ብቻ፣ ግንዱ ሁሌም 22፤ በፕላስቲክ ለሚሠራ ቤት ከዚህ አንወርድም። 10 ሚሊ ሜትሩ በጥቅል ረክሶ ስለተገኘ ብቻ አይወሰድ፤ ለትንሽ መታጠቢያ ቤት ራዲያተር ካልሆነ በስተቀር ዛሬም ጠባብ ነው።

ጀርመንና ስዊድን ላሉ አንባቢዎች፦ እዚያ የተለመደው በመሐሉ አልሙኒየም ያለበት 16 በ 2 ቱቦ የውስጥ ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ 15 ፕላስቲክ የሰጠነውን ቁጥር በትንሽ ጭማሪ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ጥበት እያለ ፕላስቲክን ለምን መረጥን? መልሱ ወለሉ ሥር ነው። የቆየ የእንግሊዝ ቤት ወለል ጎን ለጎን በተጋደሙ ተሸካሚ እንጨቶች ላይ ይቆማል፤ ቱቦው በእነሱ ማለፍ አለበት። መዳብ በ 3 ሜትር ቀጥ ያለ ዘንግ ይመጣል። በሁለት እንጨት መካከል ባለው 40 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ውስጥ ገብቶ ቀዳዳ ለቀዳዳ ሊሾልክ አይችልም። ስለዚህ ሠራተኛው ወይ በየአጭሩ ቆርጦ ይበይዳል፣ ወይ የእንጨቱን ራስ እየቦረቦረ ቱቦውን ከላይ ያስተኛል። ሁለተኛው ቤቱን ያደክማል፤ ከዓመታት በኋላ ሳንቃ የሚመታ ሚስማርም ቱቦውን ያገኘዋል። ፕላስቲኩ ግን እንደ ገመድ በየቀዳዳው ይሳባል፤ ከግንዱ ቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) እስከ ራዲያተሩ ድረስ አንድም መገጣጠሚያ ሳይኖረው። ሄፕቱኦ ከጥቅሉ ሲወጣ ቀጥ ብሎ የመተኛት ጠባይ አለው፤ ጠንከር ካሉት ከሌሎቹ የፕላስቲክ ቱቦዎች ጋር ሲነጻጸር ብቻውን ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ቀዳዳውም ሕግ አለው። ከአንድ ወጥ እንጨት በተሠራ አግዳሚ ላይ ቀዳዳ የሚበሳው በቁመቱ መሐል መስመር ላይ ነው፤ ስፋቱ ከእንጨቱ ቁመት ሩብ አይበልጥም፤ ቦታው ከድጋፉ ተነሥቶ ከርዝመቱ 0.25 እስከ 0.4 ባለው ክልል ውስጥ ነው። ርዝመቱ 3.6 ሜትር፣ ቁመቱ 200 ሚሊ ሜትር ለሆነ እንጨት ይህ ማለት ከጫፉ ከ 90 እስከ 144 ሳንቲ ሜትር ባለው ውስጥ፣ ከ 50 ሚሊ ሜትር የማይሰፋ ቀዳዳ ነው። በሁለት ቀዳዳ መሐል ያለው ርቀት ከመሐል እስከ መሐል የቀዳዳው ስፋት ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ለ 22 ቱቦ 30 ሚሊ ሜትር ቢበሱ መሄጃና መመለሻው 90 ሚሊ ሜትር ይራራቁ። ከላይ መቦርቦር የግድ ከሆነ ጥልቀቱ ከቁመቱ ስምንተኛ እጅ፣ እዚህ ላይ 25 ሚሊ ሜትር፣ ቦታውም ከርዝመቱ 0.07 እስከ 0.25 ባለው ክልል ነው። በአዳዲስ ቤቶች ያለው የ«አይ» ቅርጽ ያለው አግዳሚ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የላይና የታች ጠርዙ በፍጹም አይነካም፣ የሚበሳበትን ቦታ የሚወስነው አምራቹ ነው። ቀዳዳውን ሲበሱ ከቱቦው 6 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ያስፉት። ፕላስቲክ ሲሞቅ በጣም ይረዝማል። መዳብ በ 10 ሜትር ላይ 50 ዲግሪ ሲጨምር የሚረዝመው 8 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ፖሊቡቲሊን በዚያው ርቀት ወደ 65 ሚሊ ሜትር ይዘረጋል። ቀዳዳው ከተጨናነቀ የሚሄድበት ያጣል። ሲስቡትም ገትረው አይሳቡት፤ ላላ ብሎ ይተኛ።

በዝምታው ግን ፕላስቲክ ያሸንፋል። መዳብ ጠዋት ሲሞቅና ማታ ሲበርድ ከእንጨት ጋር እየተፋተገ «ጧ ጧ» የሚለውን የሚያውቅ ሰው ይህን ንግግር አያስረዝመውም።

አሁን ወደ መገጣጠሚያው እንቅረብ፤ የሄፕቱኦ ዋጋም ጣጣም ያለው እዚያ ነው። ፊቲንጉ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ ውኃ የሚያግድ የጎማ ቀለበትና ቱቦውን ነክሶ የሚይዝ ባለ ጥርስ ቀለበት። ቱቦው ለስላሳ ስለሆነ ጥርሱ ሲነክሰው እንዳይጎብጥ በጫፉ ውስጥ ስማርትስሊቭ የሚባል ስስ የአይዝጌ ብረት እጅጌ ይገባል። ይህ እጅጌ ለብቻው ይሸጣል፤ ከቱቦውም ከፊቲንጉም ጋር አይመጣም። የረሳው ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ያቆማል፤ «ለጊዜው ያለሱ ይሁን» ያለው ደግሞ ጎርፍ ይጠራል።

ቱቦውን በፕላስቲክ መቁረጫ መቀስ ቀጥ አድርገው ይቁረጡ። በሴጌቶ አይሆንም፤ ጫፉ ላይ የሚቀረው ቁርጭራጭ ጎማውን ይጭረዋል። ቱቦው ላይ በየተወሰነ ርቀት የታተመ የቪ ቅርጽ ምልክት አለ። አንዱ ምልክት ላይ ከቆረጡ ቀጣዩ ምልክት ቱቦው ፊቲንጉ ውስጥ የት ድረስ መግባት እንዳለበት ያሳያል። እጅጌውን ያስገቡ፣ ቱቦውን ሳያጣምሙ አጥብቀው ይግፉ። ከዚያ የዚህ ዕቃ ምርጥ ነገር ይመጣል፤ ቱቦውን በእጅዎ ሲያዞሩት እጅጌው ጫፉ ላይ ያለው ጥርስ ከፊቲንጉ ወለል ጋር እየተነካካ ጣትዎ ላይ ይንገጫገጫል። ከተንገጫገጨ ደርሷል። ለስለስ ብሎ ከዞረ ገና ነው፤ እንደገና ይግፉት። ከወለል ሥር በደረትዎ ተኝተው፣ ምልክቱን ማየት በማይችሉበት ጨለማ ውስጥ ሲሠሩ፣ ይህ በጣት የሚሰማ ማረጋገጫ ከሌሎች ብራንዶች እንድናስበልጠው ካደረጉን ምክንያቶች ዋናው ነው። በመጨረሻም ቱቦውን ወደ ኋላ ይሳቡት፤ ጥርሱ ይነክሳል። ለማውጣት ሄፕኪ የሚባለው ማስለቀቂያ ያስፈልጋል፤ ያለሱ በቀላሉ አይወጣም። የወጣ ጫፍ ጥርስ ያረፈበት ስለሆነ ተቆርጦ ይጣላል።

ፊቲንጉ ከመዳብ ቱቦም ጋር ይገጥማል፤ ያኔ እጅጌ አያስፈልግም። የመዳቡ ጫፍ ግን ሹል እንዳይሆን ይሞረድ። ክሮም የተቀባ ቱቦ ላይ አይሞክሩት፤ ጥርሱ ክሮም ላይ አይነክስም። ሙቅ ብየዳም አጠገቡ አይሠራ፤ መዳቡን መጀመሪያ በይደው፣ አቀዝቅዘው፣ የብየዳውን ቅባት (ፍለክስ) ጠርገው፣ ከዚያ ፕላስቲኩን ይግጠሙ።

መዳብ የግድ የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉ። ከቦይለሩ የሚነሣው የመጀመሪያ ሜትር፣ የቦይለሩ አምራች በግልጽ ካልፈቀደ በስተቀር፣ መዳብ ነው። በእንጨት ወይም በከሰል ከሚነድ ምድጃ የሚነሣ መስመር ጨርሶ በፕላስቲክ አይሠራም፤ እሳቱን ማንም በቅጽበት ማጥፋት አይችልምና ውኃው ቱቦው ከሚችለው በላይ ይፈላል። ከወለል ወጥቶ ወደ ራዲያተሩ ቫልቭ የሚቆመው የሚታይ ክፍልም በመዳብ ቢሆን ያምራል፣ ይጠነክራልም። ፕላስቲኩ እዚያ ይጎብጣል፣ የቫልቩንም ክብደት አይሸከምም። በጣሪያ ሥር አይጥ ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ የፕላስቲኩ መስመር እዚያ በመዳብ ይተካ፤ አይጥ ፕላስቲክ ትቀረጥፋለች።

በዕቃ መሸጫው ላይ የሚሳሳቱበት ሌላም ነገር አለ። ሄፕቱኦ ሲገዙ «ባሪየር» የሚለውን ቃል ይፈልጉ። ፕላስቲክ ውኃ ባያሳልፍም ኦክስጅን ያሳልፋል። ለማሞቂያ የሚሆነው ቱቦ ኢቪኦኤች የሚባል ኦክስጅን የሚያግድ ስስ ንብርብር በመሐሉ አለው። ያለዚህ ንብርብር የሚሠራ መስመር ውስጥ ኦክስጅን በየቀኑ በጥቂቱ እየገባ የብረት ራዲያተሩን ከውስጥ ይበላዋል፤ መጀመሪያ ጥቁር ጭቃ ታች ይቀመጣል፣ ራዲያተሩ ከላይ ሞቆ ከታች ይበርዳል፣ ፓምፑ ይታነቃል። አዲስ አበባ ፒፒአር የሚባለውን የፕላስቲክ ቱቦ በ 260 ዲግሪ ሲበይድ የኖረና እዚህ መጥቶ ያንኑ ለራዲያተር ልጠቀም የሚል ባለሙያም ይህን ልብ ይበል። ለመታጠቢያ ቤት ውኃ የሚሸጠው ተራ ፒፒአር ንብርብሩ የለውም። በቧንቧ ውኃ ላይ ይህ ምንም አይደለም፤ ዝግ ሆኖ ያንኑ ውኃ ለዓመታት በሚያዞር የማሞቂያ መስመር ላይ ግን ገዳይ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ ቁጥር አንሰጥም፤ የመዳብ ዋጋ ከገበያ ጋር ይወጣል ይወርዳል። አካሄዱ ግን አይለዋወጥም። ፕላስቲክ ላይ ቱቦው ይረክሳል፣ ፊቲንጉ ይወደዳል፤ መዳብ ላይ ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚበየደው ኤልቦ (የጥግ መገጣጠሚያ) እና ቲ በሳንቲም ይገኛል። ስለዚህ ፕላስቲክ የሚያዋጣው መገጣጠሚያ በማብዛት ሳይሆን በማሳነስ ነው። በየጥጉ ኤልቦ መሰካት ገንዘብም ተቃውሞም ይጨምራል፤ ቱቦው ከዲያሜትሩ ስምንት እጥፍ ባላነሰ ራዲየስ ሲታጠፍ፣ ለ 15ቱ ማለት 12 ሳንቲ ሜትር፣ ያለ ኤልቦ ይሄዳል። ከዚያ በጠበበ ጥግ ላይ ቱቦው ይሰበራል፤ የተሰበረ ቦታ ደግሞ ተቃንቶ አይድንም፣ ይቆረጣል።

ለጠቀስነው ባለ 8 ራዲያተር ቤት የሚገዛው ይህን ያህል ነው። በእያንዳንዱ ፎቅ አራት ራዲያተር አለ። ሦስቱ በ 22 በ 22 በ 15 ቲ ጥንድ ይቀጠላሉ፣ አራተኛው ግንዱ ከ 22 ወደ 15 በሪዱሰር ወርዶ ያበቃበታል። ቲው 12፣ ሪዱሰሩ 4፣ መከፋፈያው ላይ ሌላ 2 ትልቅ ቲ ይሆናል። እጅጌውን ለ 22 እና ለ 15 ለየብቻው 40 እና 40 ይውሰዱ፤ የሚያስፈልገው ከ 30 ትንሽ በላይ ነው፤ በየመሐሉ የሚወድቅና የሚጣመም አይጠፋም። 22ቱ ቱቦ በ 50 ሜትር ጥቅል፣ 15ቱም በ 50 ይጀመራል፤ ርዝመቱን ግን የራስዎን ቤት ንድፍ ላይ በሜትር ለክተው 10 በመቶ ይጨምሩበት። መያዣ ክሊፕ በገፍ ይፈልጋል፤ በሚታይ ቦታ 15ቱ በአግድም በየ 30 ሳንቲ ሜትር፣ በቁም በየ 50፤ 22ቱ በአግድም በየ 50፣ በቁም በየ 80 ይያዛል። መዳብ 15 በአግድም 1.2 ሜትር ድረስ ራሱን ይችላል። ክሊፕ ያነሰው ፕላስቲክ እየረገበ ቦይ ይሠራል፤ በከፍታው ላይ አየር ይቋጥርና ውኃው ይታገታል።

መሄጃና መመለሻው ቱቦ ቀለሙ አንድ ነው፤ አደጋውም እዚያ ነው። ጥቅሉን ሳይቆርጡ በየሜትሩ በቀይና በሰማያዊ ፕላስተር ይለዩት። ቲ ላይ አንድ ጊዜ የተዛነቀ መስመር ሁለቱም የራዲያተሩ ጎን መሄጃ ላይ ይውላል፤ ራዲያተሩ ጨርሶ አይዞርም፣ ምክንያቱን ፍለጋም ወለሉ እንደገና ይነሣል። ሌላው ከባድ ስሕተት ሁለት መስመር በአንድ ቲ ላይ ግራና ቀኝ ተጋጥመው በመሐሉ እግር እንዲወጡ ማድረግ ነው። ውኃው አንዱን ወገን ይመርጣል እንጂ በእኩል አይካፈልም።

ሲያልቅ፣ ሳንቃው ከመመለሱ በፊት፣ ቦይለሩ ሳይገናኝ በውኃ ይፈተሻል። መጀመሪያ ዝቅ ባለ ግፊት፣ 2 ባር ገደማ፣ ለ 10 ደቂቃ ይያዝ፤ ሙሉ በሙሉ ያልተገፋ መገጣጠሚያ እዚህ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ አምራቹ በመመሪያው በጻፈው ከፍተኛ ግፊት ይፈተሽ። ፕላስቲኩ ስለሚለጠጥ ግፊት መለኪያው መጀመሪያ ትንሽ ቢወርድ አይደንግጡ፤ መልሰው ይሙሉትና ይጠብቁ። ካልቆመ ግን አንዱ ፊቲንግ ይፈልግዎታል።

ከዚያ ሥርዓቱ ይታጠባል። ቢኤስ 7593 የተባለው የብሪታንያ ደረጃ በ 2019 እትሙ ማጠብን፣ ዝገት ማገጃ ኬሚካል መጨመርንና በመመለሻው ላይ ማግኔት ያለው ማጣሪያ መግጠምን ይጠይቃል። አንድ ሊትር ማገጃ እስከ 100 ሊትር ውኃ ድረስ ላለው ሥርዓት ይበቃል፤ ለ 8 ራዲያተር ቤት አንዱ በቂ ነው። ሲሞላ ግፊቱ በብርድ ከ 1 እስከ 1.5 ባር ይሁን። የራዲያተሮቹን ሎክሺልድ ቫልቭ (የውኃውን መጠን መገደቢያ) ከቅርቡ ጀምረው ያጥብቡ፣ የሩቆቹን ይክፈቱ፤ በቱቦው ላይ የሚቆነጠጥ ቴርሞሜትር መሄጃና መመለሻ ላይ አድርገው ያሰቡት የዲግሪ ልዩነት በየራዲያተሩ እስኪመጣ ድረስ ሩብ ሩብ ዙር ያስተካክሉ። ቴርሞስታቲክ ቫልቭ (በክፍሉ ሙቀት ራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ) የክፍል ቴርሞስታት ባለበት ክፍል ራዲያተር ላይ አይገጠምም።

የሚጠቅመው ማንን ነው? ወለሉ በእንጨት ለቆመ፣ ሳንቃው ለተነሣና መስመሩን ከዜሮ ለሚጀምር ቤት ሄፕቱኦን ያለ ማመንታት እንመክራለን። ቱቦው ተጋልጦ ግድግዳ ላይ ለሚሄድበት አፓርትማ፣ ወይም ጥቂት ሜትር መዳብ ብቻ ለሚተካበት ሥራ ግን አይግዙት፤ እዚያ መዳቡ ያምራል፣ ይቀጥናል፣ ይረክሳልም። የድሮውን መዳብ በፕላስቲክ በከፊል የተኩ ሰዎች ደግሞ የመዳቡ መስመር ከኤሌክትሪክ መሬት ጋር የነበረው ግንኙነት ተቆርጦ እንዳይሆን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስፈትሹ።

ሳንቃው ከመመለሱ በፊት አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ሜትር ዘርግተው ከግድግዳው እስከ እያንዳንዱ ቲ ያለውን ርቀት በሚያሳይ ሁኔታ መስመሩን ሁሉ ፎቶ ያንሡ፤ በሚስማር ፈንታም ሳንቃውን በብሎን ያስሩት። ቲ ያለበትን ሳንቃ በላዩ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት።